ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ያን ሁሉ ጦር ይዘው ለምን አልነገሡም?

የመርካቶው ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ስለ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነው። ከፒያሳ ወደ መርካቶ የሚመላለስ ሰው ሁሉ ስማቸውን ይጠራል። "ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወራጅ አለ" ብሎ ይወርዳል፣ አለቀ። ሰውየው ማን እንደነበሩ ብትጠይቀው ግን ዝም ነው።

ሰሞኑን ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ቡና ላይ ተከራከርን። እሱ "ምኒልክ ከታመሙ ጀምሮ አገሩን ይዘው የነበሩት ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው፣ ሌላው ሁሉ ስም ነው" ይላል። ለእኔ ደግሞ አልዋጥልኝ አለ። ያን ያህል ጉልበት ካላቸው ለምን አልነገሡም? ንግሥናው ይቅር፣ ራስ እንኳን አልተባሉም እኮ። እስከ መጨረሻው ፊታውራሪ ናቸው።

ሌላው የገረመኝ፣ ከላይ ያለው ሰው በተቀያየረ ቁጥር እሳቸው እዚያው ናቸው። እቴጌ ጣይቱ ሲነሡ አሉ። ልጅ ኢያሱ ሲወርዱ አሉ። ዘውዲቱ ሲነግሡም አሉ። ይሄ ብልጠት ነው ፍርሃት? ከዛፍ ስለወደቀው ሰው የፈረዱት ፍርድ የሚባለውስ እውነት ነው ወይስ ተረት? የምታውቁ ንገሩን።

የጡረታው መምህር፦

ልጄ፣ ጥሩ ጠየቅህ። ዕድሜዬን ታሪክ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ተማሪ ስለ አድዋ ይጠይቃል፣ ስለ ማይጨው ይጠይቃል። በመካከል ስላለው አርባ ዓመት የሚጠይቀው ለፈተና ሲጨንቀው ነው። አገሪቱ ወዴት እንደምትሄድ የተወሰነው ግን ያኔ ነው።

መልሴን ልንገርህና ወደ ነገሩ ልግባ። ሀብተ ጊዮርጊስ ያልነገሡት ስለማይችሉ ነው። ያን ያህል ዘመን የቆዩትም መንገሥ እንደማይችሉ ሁሉም ስለሚያውቅ ነው።

ትውልዳቸው ከጨቦ ነው። የምኒልክ ጦር ወደዚያ አገር ሲዘምት ገና በለጋነታቸው ተማርከው መጡ፤ ቤተ መንግሥት ገብተው አደጉ። በዚያ ዘመን ይህ ብርቅ አልነበረም። ደጃዝማች ባልቻም፣ አባ ነፍሶ፣ እንዲሁ በልጅነታቸው ተማርከው የመጡ ናቸው። ምኒልክ ሰው ያውቁ ነበር። የማረኩትን ልጅ አሳድገው፣ ፈትነው፣ ለትልቅ ሹመት ያበቁታል። ይህን ደግነት ብቻ አድርገህ አትየው። የመኳንንት ልጅ አገር አለው፣ የአባቱ ሰው አለው። ሲከፋው ይሸፍታል። በምርኮ የመጣው ልጅ ግን ከጌታው በቀር ዘመድ የለውም። እንዲህ ያለውን ሰው ነው ጦር የምታስይዘው።

የካቲት 23 ቀን 1888 አድዋ ላይ ፊታውራሪ ገበየሁ ወደቁ። በእሳቸው ቦታ የተተኩት ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው። ራስ አለመባላቸው አያሳስብህ። አንድ ደጃዝማች የራሱ ፊታውራሪ ይኖረዋል፤ ያ ሌላ ነገር ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ፊታውራሪ ሲሆን ግን የመሃል አገሩ ጦር በእጁ ነው። ራስነት ለሀብተ ጊዮርጊስ ምን ይጨምርላቸዋል? ጠቅላይ ግዛት ተሰጥቷቸው ከአዲስ አበባ ይርቁ እንደሆነ ነው እንጂ። ከአዲስ አበባ መራቅ ደግሞ ለእንደሳቸው ያለ ሰው ሞት ነው።

ጥቅምት 1900 ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርዱን፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጽሕፈቱን፣ በጅሮንድ ሙሉጌታ የገንዘቡን ያዙ። የሙሉጌታን ስም ያዝልኝ፣ ወደ ኋላ ይመጣል። ሚኒስትር ሲባል ደግሞ የዛሬውን እንዳታስብ። ፎቅ የለም፣ ማህተም ይዞ የሚሮጥ ጸሐፊ የለም። የጦር ሚኒስቴሩ የሰውየው አዳራሽ ነው። ወታደሩ ግብር የሚበላው እዚያ ነው፣ አቤት የሚለውም እዚያ ነው።

ከዚያ ምኒልክ ታመው አልጋ ላይ ዋሉ። እቴጌ ጣይቱ ሹም ሽሩን በእጃቸው አስገቡ። መጋቢት 1902 የሸዋ መኳንንትና መሃል ሰፋሪው፣ ማለት በመሃል አገር የሰፈረው የንጉሠ ነገሥቱ ጦር፣ አንድ ሆነው ተነሡ፣ እቴጌ ከመንግሥት ሥራ ተገለሉ። ራስ ተሰማ ናደው እንደራሴ ነበሩ፤ ሚያዝያ 1903 ሞቱ። ምኒልክ አልጋቸውን ያወረሷቸው ልጅ ኢያሱ እንደምታውቀው ከተማ መቀመጥ አይወዱም። ዛሬ ሐረር ናቸው፣ ነገ አፋር ናቸው። የየዕለቱ ሥራ አዲስ አበባ የቀሩት ሚኒስትሮች ላይ ወደቀ። ከነሱ ውስጥ ጦር ያለው ማነው? አንድ ሰው ነው።

መስከረም 17 ቀን 1909፣ በመስቀል ዕለት፣ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ። ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪ መኮንን አልጋ ወራሽና እንደራሴ ተባሉ። እዚህ ላይ ነገሩ አለቀ ብለህ እንዳታስብ። የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ወሎ ላይ ጦራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ወርዶ ዝም ሊሉ? ተነሡና ወደ ሸዋ ወረዱ። ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑል ሰገድ ገጠሟቸው፤ ራሱም ጦራቸውም አለቁ። ወሬው አዲስ አበባ ሲደርስ ከተማው ተሸበረ።

አሁን እዚህ ጋ ቆም በል። ንጉሥ ሚካኤል ያን ድል ይዘው በቀጥታ ቢገሰግሱ ኖሮ የዘመኑን ታሪክ ሌላ አድርገን ነበር የምንማረው። አልገሰገሱም። ቀናት አባከኑ። ሀብተ ጊዮርጊስ በነዚያ ቀናት የሸዋን ጦር አሰባሰቡ። "በመልእክትና በሽምግልና ቃል ያዘናጓቸው እሳቸው ናቸው" የሚል አለ። ለማረጋገጥ ያስቸግራል፣ ግን ሰውየውን አባ መላ ያሰኛቸው እንዲህ ያለው ጠባይ ነው። ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ሁለቱ ጦር ተገናኘ። ያን ቀን ያለቀው ሰው ብዛት ያሳዝናል፤ የአንድ አገር ሰው እርስ በርሱ። ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ።

ከድሉ በኋላ ጦሩ ጃንሜዳ ላይ ተሰለፈ። የእንግሊዝ መንግሥት ወኪል ልጅ፣ ኋላ ታዋቂ ተጓዥ የሆነው ዊልፍሬድ ቴሲጀር፣ ያኔ የስድስት ዓመት ሕፃን ነበር፤ ቆሞ አይቷል። ሽማግሌው ንጉሥ በሰንሰለት ታስረው በፊቱ ሲያልፉ ያየውን ካረጀም በኋላ አልረሳውም።

እስቲ በዚያ ቀን ጃንሜዳን አስበው። ንግሥቲቱ ተቀምጠዋል። አልጋ ወራሹ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ናቸው። ከፊታቸው የሚያልፈው የታጠቀ ሰው ማንን ነው የሚሰማው? ሀብተ ጊዮርጊስን። ሌላ አገር ቢሆን አንድ ጄኔራል በዚያ ሰዓት ዙፋኑ ላይ ወጥቶ ቁጭ ይል ነበር። እሳቸው ግን ዘር የላቸውም። በአባትም በእናትም የሰሎሞን ወገን ነኝ ሊሉ አይችሉም። "ልንገሥ" ቢሉ ትናንት አብሯቸው የተዋጋው መኳንንት ሁሉ በማግስቱ በጠላትነት ይሰለፍባቸዋል። ትግሬውም፣ ጎጃሙም፣ ሸዋውም። ይህን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ስለዚህ ፍርሃት አይደለም። ልካቸውን ማወቅ ነው። ንግሥቲቱ "ይህ ሰው አልጋዬን አይመኝም" ብለው አመኗቸው። አልጋ ወራሹም ቢፈሯቸው እንጂ በዚህ አይጠረጥሯቸውም። በ1910 መሃል ሰፋሪው ተሰብስቦ "ሚኒስትሮቹ ይነሡልን" ብሎ ሲጮህ ሌሎቹ ሁሉ ተነሡ። እሳቸው ቀሩ።

የዛፉን ፍርድ ደግሞ ማታ እመለስበታለሁ፣ አሁን ዓይኔ ደከመ።

የያቤሎው፦

መምህር አክባሪዎ ነኝ። ግን አንድ ነገር ዘለሉ። አድዋን ካነሡ በኋላ ቀጥታ ወደ 1900 ሄዱ። በመካከል ቦረና አለ። በ1889 ወደ ቦረና የዘመተውን ጦር የመሩት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው። ከዚያም አገሩ በእሳቸው ሥር ሆነ።

አዲስ አበባ ላይ "አባ መላ" የሚባሉት ሰው እኛ ዘንድ በሌላ ይታወሳሉ። ወታደሩ ጠመንጃውን ይዞ መጣ፣ ከተማ ቆረቆረ፣ ሰፈረ። ደሞዝ የለውም። ደሞዙ ገባር ነው። ይህን ያህል አባወራ ላንተ ይባልና ያ አባወራ ያበላዋል፣ እንጨቱን ይለቅማል፣ ቤቱን ይሠራል፣ ከብት ይሰጣል። ቦረና ደግሞ ከብት አርቢ ነው። ገበሬ አይደለም። ከብት ማለት ለሱ ሀብት ብቻ አይደለም፣ ጥሎሹም ካሣውም ክብሩም በሱ ነው።

ደግሞ በ1900 ከእንግሊዝ ጋር ድንበር ተሰመረ። ቦረና ሁለት ቦታ ተከፈለ። የአንድ ጎሳ ሰው ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ፤ የውሃ ጉድጓዱ አንድ ቦታ፣ ግጦሹ ሌላ ቦታ።

ሰውየውን ለመስደብ አይደለም። መርካቶ አካባቢ ያደገው ልጅ "ጉልበታቸው ከየት መጣ?" ብሎ ስለጠየቀ ነው። ጃንሜዳ ላይ የተሰለፈውን ጦር ያበላው ማነው? የሚበላውን ያመረተው ገባር ነው። አንዱ ክፍል እዚህ ቦረና ነበር።

ታሪክ ወዳድ ነኝ፦

አቦ የያቤሎው በደንብ አስገባው! 👏 መምህር ይመለሱበት እንጂ።

እኔ ደግሞ ስለ ዛፉ ልንገር፣ አያቴ ሲያወሩት ነው ያደግኩት። ሰውዬው ዛፍ ላይ ወጥቶ ሲቆርጥ ወድቆ ሥር የተኛ ሰው ላይ ያርፋል። የተኛው ይሞታል፣ የወደቀው ይተርፋል። የሟች ወገን "ደም በደም፣ ሌላ አንቀበልም" ብለው ድርቅ አሉ። ሽማግሌ ቢለምን፣ ካሣ ቢባል፣ አሻፈረኝ። ነገሩ ፊታውራሪ ዘንድ ደረሰ። እሳቸውም "እውነታችሁን ነው፣ ይሙት። እሱ ዛፉ ሥር ይተኛ፣ ከናንተ አንዱ ዛፉ ላይ ወጥቶ ይውደቅበት" አሏቸው። በቃ ካሣውን ተቀብለው ሄዱ ይባላል 😂

የመዝገብ ቤት ሴት፦

መምህር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ድፍረት አይሁንብኝ። ሰውየውን የሒሳብ ሰው ብቻ አደረጓቸው። "ዘር ስለሌላቸው አልነገሡም" ብሎ መጨረስ ይቻላል? ምኒልክ አሳድገው፣ ሾመው፣ አምነው ጦር ያስረከቧቸው ሰው ናቸው። ታማኝነት የሚባል ነገር የለም ወይ? ከምኒልክ በኋላ የምኒልክን ቤት ጠብቀው ኖሩ ቢባል ምን ይጎድለዋል?

የጡረታው መምህር፦

እንደገና ሰላም። ተራ በተራ።

የያቤሎው ወንድሜ፣ ያልከው ትክክል ነው፣ የምጨምርበትም የለኝም። ገባር ሳይኖር መሃል ሰፋሪ የለም። ፍርዱ ሲወራ የሰማሁት እልፍ ጊዜ ነው፤ ፈራጁን ያበላው ማነው የሚል ተማሪ ግን አንድም አልገጠመኝም።

የዛፉ ፍርድ እንደተባለው ይተረካል። እኔም ክፍል ውስጥ ተርኬዋለሁ፣ ተማሪ ሲያንቀላፋ መድኃኒት ነው። ግን ልብ በሉ፣ ይህን ተረት ሌሎች ሕዝቦችም ለየራሳቸው ዳኛ ይተርኩታል። ስለዚህ ተፈጽሟል ብዬ አልምልም። ፊታውራሪ ችሎት ተቀምጠው ይፈርዱ እንደነበር፣ ሕዝቡም ፍርዳቸውን ይወድላቸው እንደነበር ግን የታወቀ ነው። ስም ያለው ዳኛ ላይ ተረት ይጠጋል።

እህቴ የመዝገብ ቤቷ፣ ምን ድፍረት አለው፣ ደግ ጠየቅሽ። ታማኝነት አልነበራቸውም አላልኩም። ነገር ግን አንድ ነገር አስቢ። ምኒልክ በ1901 አልጋቸውን ለልጅ ኢያሱ ሲያወርሱ አዋጁ እርግማን ነበረበት። ይህን ቃል ያፈረሰ ምን እንደሚደርስበት ተነግሯል። መኳንንቱ ሁሉ ማለ። ከሰባት ዓመት በኋላ ያን ኑዛዜ ካፈረሱት ሰዎች ትልቁ ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው። ስለ መሐላው ብዙ እንዳመነቱ ይነገራል፤ አቡነ ማቴዎስም እንዲሁ። ጳጳሱ ሕዝቡን ከመሐላው ከፈቱ በኋላ ነው ነገሩ የለየለት። እንግዲህ ታማኝነቱ ለማን ነው? ለምኒልክ ቃል ከሆነ ኢያሱ መውረድ አልነበረባቸውም። ለምኒልክ ልጅ ከሆነ፣ አዎ፣ ዘውዲቱ የምኒልክ ልጅ ናቸው። እኔ እንደሚመስለኝ ታማኝነታቸው ለሸዋ ቤተ መንግሥት ሥርዓት ነበር። ያ ሥርዓት ያሳደጋቸው ነው። ኢያሱ ሊያፈርሱት ነው ብለው ፈሩ፤ ተፈሪም በሌላ በኩል ሊለውጡት ነው ብለው ሠጉ። ለዚህ ነው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከንግሥቲቱ ጎን ቆመው የአልጋ ወራሹን ሩጫ ሲይዙ የምናየው። አልጋ ወራሹ በ1916 አገሪቱን የመንግሥታቱ ማኅበር አስገብተው አውሮፓን ሲዞሩ፣ ፊታውራሪ ይህን የፈረንጅ ወዳጅነት በጥርጣሬ ነበር የሚያዩት። በኋላ በ1928 የሆነውን ስናይ ጥርጣሬው ከንቱ ነበር ማለት ይከብዳል። ለውጡ አያስፈልግም ነበር ማለቴ ግን አይደለም። ሁለቱም እውነት ነው።

የመርካቶው ልጅ፦

ጋሼ መምህር እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ለጓደኛዬ ሙሉውን ላክሁለት። "በቃ እኔ ነኝ ያሸነፍኩት" ይላል። አንድ የቀረኝ ነገር፦ እሳቸው ሲሞቱ ያ ጦር ወዴት ሄደ? ልጅ ወይ ተተኪ አልያዘውም?

የጡረታው መምህር፦

ጓደኛህ ገና አላሸነፈም፣ ይህን ሳያነብ አይቸኩል።

ፊታውራሪ ታኅሣሥ 1919 ሞቱ። አቡነ ማቴዎስም ያረፉት በዚያው ሰሞን ነው። ንግሥቲቱ ሁለት ምሰሶዎቻቸው አንድ ላይ ወደቁባቸው። አልጋ ወራሹ አላመነቱም። የፊታውራሪን ጦር በእጃቸው አደረጉ፣ ርስትና ጉልቱን ተቆጣጠሩ። ተቃወመ የሚባል ጦር የለም። ያን ያህል ዓመት ሁሉም ሲፈራው የኖረው ኃይል ያለ አንድ ጥይት ጌታ ቀየረ።

ለዚህ ነው ጓደኛህን አይቸኩል ያልኩት። አገሩን ይዘውት የነበረ ከሆነ እንዲህ በቀላሉ ከእጅ አይወጣም ነበር። የያዙት ቦታውን ነው። የጦር ሚኒስቴር የሚባል መሥሪያ ቤት አልተከሉም። የሠለጠነ መኮንን፣ ደሞዝ የተቆረጠለት ወታደር፣ ከሰውየው ሞት በኋላ የሚተርፍ ሕግ አላስቀሩም። በዘመናቸው ማንም አላስቀረም ብትለኝ እስማማለሁ፤ ግን ዕድሉ እንደሳቸው በእጁ የነበረ ሰው የለም።

ለውጡ ምን ያህል እንደሆነ የባልቻ ነገር ያሳይሃል። የካቲት 1920 ደጃዝማች ባልቻ ከሲዳሞ ተጠርተው ብዙ ጦር ይዘው መጡ፣ ንፋስ ስልክ ላይ ሰፈሩ። አልጋ ወራሹ ግብር ጠሯቸው፣ አከበሯቸው፣ አበሉ አጠጡ። ባልቻ ግብር ላይ ሳሉ ራስ ካሣ ወደ ሰፈሩ ሄዱና ለወታደሩ ገንዘብ ሰጥተው በተኑት። ባልቻ ሲመለሱ ጦር የለም። ሀብተ ጊዮርጊስ በሕይወት ቢኖሩ ይህ ይሆን ነበር? እኔ አይመስለኝም። እንዲህ ያለውን ዘዴ ሳይጀመር የሚያሸቱ ሰው ነበሩ። መስከረም 1921 ደግሞ ተፈሪ ንጉሥ ተባሉ፣ በ1923 ንጉሠ ነገሥት።

ያዝልኝ ያልኩህ ስም አለ አይደል? የ1900ው የገንዘብ ሚኒስትር ሙሉጌታ ይገዙ። የጦር ሚኒስትርነቱን የተረከቡት እሳቸው ናቸው። በ1928 አምባ አራዶም ላይ ከጣሊያን አውሮፕላንና መድፍ ጋር የገጠሙት ራስ ሙሉጌታ እሳቸው ናቸው። የመሩት ሠራዊት አብዛኛው ሀብተ ጊዮርጊስ ሰገሌ ላይ እንዳሰለፉት ዓይነት ነበር።

የመርካቶው ልጅ፦

ጋሼ፣ አነበበው። "ቦታውን የያዘ አገሩን ያዘ ማለት ነው" ብሎ ድርቅ አለ፣ ምንም ማድረግ አልተቻለም 😄 ስለ ባልቻ ግን ሁለታችንም ማንበብ እንፈልጋለን። ነገ ለብቻው ጥያቄ ከፍቼ እጽፋለሁ፣ እንዳይጠፉብን።

የያቤሎው፦

ስትከፍተው እኔንም ጥራኝ። ባልቻ ሲዳሞን ሲገዙ እኛም ጎረቤት ነበርን፣ የምንለው አለን።